ኢትዮጵያ የፈረመችው ስምምነት ችሎት ላይ ለምን አልሠራልኝም?

የሽሮሜዳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሽሮሜዳ የአገር ልብስ እሸጣለሁ። ስለዚህ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፤ አትሳቁብኝ።

ታናሽ እህቴ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆናት። ልጇን የተረከብኩት በሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። አሁን ዘጠኝ ዓመት ተኩሉ፣ አራተኛ ክፍል ነው። አባቱ ልጁ ሳይወለድ ውጭ አገር ሄዶ ቀረ። በዓል ሲመጣ እንኳ ደውሎ አያውቅም። አምና ተመለሰና ዘንድሮ ከሰሰኝ። «የልጄ አሳዳሪና ሞግዚት እኔ ነኝ ተብሎ ይወሰንልኝ» ነው የሚለው። እህቴ የተወችለት አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አለች። እሷንም እሱ ሊያስተዳድር ነው። የቱን ፈልጎ እንደመጣ እግዜር ይወቀው፤ እኔ የራሴ ጥርጣሬ አለኝ።

ጠበቃ የማቆም አቅም ስለሌለኝ መልሱን ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊ ጻፈልኝ። ኮምፒውተር የሚማረው የወንድሜ ልጅ ደግሞ የሕፃናት መብቶች ስምምነት የሚባለውን ከኢንተርኔት አውጥቶ አተመልኝ። አንቀጽ 3ን በቢጫ ቀለም አሰመረባት። ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ቅድሚያ ይታሰባል የምትል ናት። «አክስቴ፣ ኢትዮጵያ ፈርማለች፤ በቃ አለቀ» አለኝ። እኔም በቃ አለቀ ብዬ ሄድኩ።

ዳኛዋ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ይሄ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል? የአማርኛውስ የታለ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? የአባትየው ጠበቃ ብድግ አለና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አያስገድድም። እኛን የሚገዛን የቤተሰብ ሕጉ ነው። ሕጉ ደግሞ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን አሳዳሪ ይሆናል ይላል» ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ እንኳ አልተንቋቋም። ተቃውሞ ካለኝ በጽሑፍ እንዳቀርብ ቀጠሮ ተሰጠኝ።

ነጋሪት ጋዜጣ ሲሉኝ እንደ አዲስ ዘመን ያለ መስሎኝ ነበር። ሱቅ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ፣ ሳቁብኝ። በኋላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ አዋጅ ቁጥር 10/1984 የምትል አወጣልኝ። ደስ ብሎኝ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩ። አዋጇ ስምምነቱ ጸድቋል ትላለች። ስምምነቱ ግን ውስጧ የለም! ሃምሳ አራቱም አንቀጽ የሉም። ባዶ ካርቶን ገዝቼ የገባሁ መሰለኝ።

እና ጥያቄዬ ይሄው ነው። ይሄ ነገር እዚህ አገር ሕግ ነው ወይስ አይደለም? ሕግ ካልሆነ ለምን ተፈረመ? ሕግ ከሆነ ደግሞ ለምን እኔ ፍለጋ እዞራለሁ?


ጡረተኛው ዳኛ

እህቴ፣ አንቺ ስላልኩሽ አትቀየሚኝ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል ናቸው ይላል። አጭር ናት፣ በቃልሽ ያዣት። ስምምነቱን ኢትዮጵያ የተቀበለችው ግንቦት 1983 ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። መንግሥት ሄደ፣ ፊርማው ቀረ። ያቺ ያገኘሻት አዋጅ ደግሞ በሽግግሩ መንግሥት ጊዜ የወጣች ናት።

ዳኛዋን አትቀየሚያቸው። ጥያቄያቸው ከባዶ ሜዳ አልመጣም። አዋጅ 3/1987 የሚባል አለ፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው ነው። በጋዜጣው የወጣን ሕግ ማንም ፍርድ ቤት አላውቅም ማለት አይችልም ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 71 ላይ ምክር ቤቱ ያጸደቃቸውን ሕጎችና ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ፕሬዚዳንቱ በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል ይላል። ከዚህ ተነስተን ብዙዎቻችን «ጋዜጣው ላይ ካላየሁት አላውቀውም» የምትል ልማድ ይዘናል። በልማድ ግን አዋጇ ብቻ ትታተምና የስምምነቱ ሙሉ ቃል ይቀራል። የአማርኛ ትርጉሙም አብሮ ይቀራል። አንቺ ላይ የደረሰው ይሄ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ወንበር ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት ጠበቃ ይህንኑ ስምምነት ሲጠቅስብኝ «የታተመውን አምጣ» ብየው አውቃለሁ። ልጁ አላመጣም። እኔም አልፈለግሁትም። አሁን ሳስበው መፈለግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሕግ ማወቅ የዳኛ ሥራ ነው፣ የባለጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደሚጠቅምሽ። የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 የሚባል አለ። ቁጥሩን እጅሽ ላይ ጻፊው። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. የወሰነው ነው፤ የውሳኔዎቹ ቅጽ 5 ውስጥ ታገኚዋለሽ። ነገሩ ያንቺን ይመስላል። እናት ሞታለች፣ አክስት ልጅ ታሳድጋለች፣ አባት አሳዳሪነቱ ለእኔ ይገባል ብሎ መጣ። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉ ያለው ወላጅ ይሁን ይላል ብለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሻረው። ሲሽር የጠቀሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ን እና አንቺ በቢጫ ያሰመርሻትን አንቀጽ 3ን ነው።

የሰበር ውሳኔ ሌላ ጥቅምም አለው። ድሮ በአዋጅ 454/1997፣ አሁን ደግሞ እሱን በተካው አዋጅ 1234/2013 መሠረት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ ፌዴራሉንም ክልሉንም። ስለዚህ ዳኛዋ «ስምምነቱ የታለ?» ሲሉሽ «ሰበር አይቶታል» ትያለሽ። ከዚያ ወዲያ ስለ ህትመት ክርክር ውስጥ አትግቢ።

ጽሑፍሽን በዚህ ቅደም ተከተል አድርጊው። መጀመሪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2። እሷ ራሷ የስምምነቱ አንቀጽ 3 እህት ናት፤ ፍርድ ቤቶች ጭምር የሕፃኑን ደኅንነት ያስቀድሙ ትላለች። እሷን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የለችም የሚልሽ የለም። ሁለተኛ ሰበሩ። ስምምነቱ ሦስተኛ። አንቺ ከጣራው ጀመርሽ፣ ያ ነው ያስቸገረሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። ሰበሩ አክስት ሁሌ ታሸንፋለች አላለም። የዚህ ልጅ ጥቅም የት ነው ተብሎ ይመርመር ነው ያለው። ያ ደግሞ በማስረጃ ነው የሚታየው።


ወጣቱ ጠበቃ

እትዬ፣ ጋሼ ያሉትን ይያዙ፤ መንገዱ እሱ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር ላይ ከጋሼ ጋር እጣላለሁ።

አንደኛ፣ አንቀጽ 71 ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠ ግዴታ እንጂ ለስምምነቱ የተሰጠ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አንቀጽ 9(4) «ያጸደቀቻቸው» ነው የሚለው። «አጽድቃ ያሳተመቻቸው» አይልም። ሕግ አውጪው አንዲት ቃል መጨመር አቅቶት አይመስለኝም። መንግሥት ሳያትም በመቅረቱ ሕፃኑ መብቱን ያጣል ማለት የራስን ጥፋት ለራስ ጥቅም ማዋል ነው። አዋጅ 25/1988ም ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲደነግግ በፌዴራል ሕጎችና በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ ተመሥርተው እንዲሠሩ ነበር ያዘዘው።

ሁለተኛ፣ «ስምምነቱ ሦስተኛ» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ለችሎት ስልት ከሆነ እስማማለሁ። ስለ ደረጃው ከሆነ ግን ጭቅጭቅ ያለበት ነው። አንቀጽ 9(1) ሕገ መንግሥቱ የበላይ ነው ስለሚል ስምምነት ከሕገ መንግሥቱ በታች፣ ከአዋጅ ጋር እኩል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እሺ። ግን አንቀጽ 13(2)ስ? የመብት ምዕራፉ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው የሰብዓዊ መብት ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎም ይላል። ከታች ያለ ነገር ለላይኛው መተርጎሚያ የሚሆንበትን አሠራር እኔ አላውቅም። ቢያንስ የሰብዓዊ መብት ስምምነቶች ወንበራቸው ለየት ያለ ነው።

ትምህርት ቤት ይህን ሞኒዝምና ዱዋሊዝም እያሉ አስተምረውናል። በቀላሉ፣ አንዳንድ አገር ዓለም አቀፉንና የአገር ውስጡን ሕግ አንድ ቤት ያደርጋቸዋል። ኔዘርላንድስን ያየ ይረዳዋል፤ እዚያ አገር ውስጥ የወጣ ሕግ ሁሉንም ከሚያስገድድ የስምምነት ድንጋጌ ጋር ከተጋጨ ዳኛው የአገሩን ሕግ ወደ ጎን ይላል። ሌላው ሁለት ቤት ያደርጋቸዋል። እንግሊዝ እንዲህ ናት፤ የአውሮፓን የሰብዓዊ መብት ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን የእንግሊዝ ዳኛ ፊት በቀጥታ የሚጠቀስ ሕግ የሆነው ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1998 ሕግ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ ሲውል ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ሲያነቡት አንድ ቤት ነው። አሠራራችን ግን በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል።

የአባትየውን ጠበቃ «መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አያስገድድም» ክርክር ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱታል። አንቀጽ 3ን ራሷን ያንብቡለት። «ፍርድ ቤቶች» የምትል ቃል ውስጧ አለች። እርስዎ አባትየውን በስምምነቱ ከሰውት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ሲወስን የሕፃኑን ጥቅም ያስቀድም ነው ያሉት። ፍርድ ቤት የመንግሥት አካል አይደለም እንዴ?

ሁሉም አንቀጽ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሠራም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆናል። የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 32 አገሮች ለሥራ መቀጠሪያ ዝቅተኛ ዕድሜ ይወስኑ ይላል። ስንት ዓመት? ቁጥር የለውም። ዳኛ ከኪሱ አያወጣም። ቁጥሩን የሰጠን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ 15 ዓመት ብሎ። አንቀጽ 3 ግን የማንንም አዋጅ አትጠብቅም፤ ዳኛው ፊት ባለው ልጅ ላይ ወዲያው ትሠራለች።


ከሂውስተን

እህቴ፣ እንዲህ ያለው ነገር እናንተ ጋ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔ ያለሁበት ቴክሳስ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ስምምነቶች የአገሪቱ የበላይ ሕግ ናቸው ይላል። ከኛ አንቀጽ 9 በላይ ጠንካራ ቃል ነው። አሜሪካ ደግሞ የቪየናን የቆንስላ ስምምነት ፈርማለች። የውጭ አገር ሰው ሲታሰር ቆንስላህን ማነጋገር ትችላለህ ሊባል ይገባል የሚል ነው። እዚህ ስንት የኛ ልጅ ይህን ሳያውቅ ታስሮ ወጥቷል!

ሆሴ ሜዴሊን የሚባል የሜክሲኮ ዜጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚሁ ሂውስተን ሁለት ታዳጊ ልጃገረዶች በተገደሉበት ወንጀል ሞት ተፈረደበት። ወንጀሉ ዘግናኝ ነው፣ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን ሲያዝ ስለ ቆንስላው ማንም አልነገረውም። ሜክሲኮ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍርድ ቤቱ እሱን ጨምሮ የ51 ሜክሲኮውያን መብት ተጥሷል፣ ጉዳያቸው እንደገና ይታይ አለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ ራሳቸው ክፍለ ግዛቶቹ ይህን ይፈጽሙ ብለው ጻፉ። ቴክሳስ እምቢ አለች።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 በ6 ለ3 ድምፅ ምን አለ መሰለሽ? ስምምነቱ አሜሪካን እንደ አገር ያስገድዳል፣ ግን ኮንግረስ ማስፈጸሚያ ሕግ ስላላወጣለት የቴክሳስን ፍርድ ቤት አያስገድድም አለ። ሰውየው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በሞት ተቀጣ። ማለት፣ አገሪቱ ግዴታዋን እንደጣሰች ሁሉም ያውቃል፤ ግን እዚያው አገር ችሎት ላይ የሚያስቆመው ጠፋ። ያንቺ ባዶ ካርቶን እዚህም አለች።

የኢትዮጵያ ሰበር ያንን አንቀጽ አንስቶ ለአክስት ፈረደ ስትሉ ግን፣ ያልጠበቅሁት ነው። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር።


ቀጥታ ጄኔቫ

ምን ታለፋሻለሽ! ጄኔቫ ለተባበሩት መንግሥታት ጻፊና ክሰሻቸው። በኢሜይል ይቀበላሉ።


ጡረተኛው ዳኛ

ወንድሜ፣ ሰውን ገደል አትክተት። በግለሰብ አቤቱታ ለጄኔቫው የሕፃናት ኮሚቴ ለመጻፍ አገሪቱ ሌላ ተጨማሪ ፕሮቶኮል መቀበል አለባት፤ ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተር ኮሚቴ አቤቱታ ይቀበላል፣ ቻርተሩንም በአዋጅ 283/1994 አጽድቀናል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ አገርህ ውስጥ ይግባኙን ጨርስ ይላል። እህታችን ገና የመጀመሪያው በር ላይ ናት፤ መዝገቧ እንኳ አልተዘጋም።

ወጣቱ ጠበቃ ደህና ተከራክሯል። ስለ ህትመቱ ተሸንፌለታለሁ። ስለ ደረጃው ግን ገና ነኝ፤ በሌላ ቀን።


የሽሮሜዳዋ

እግዜር ይስጣችሁ። ሰበሩን ፎቶ ኮፒ ቤቱ አገኘልኝ። ማታ የወንድሜ ልጅ ሲያነብልኝ፣ ዳኞቹ የጻፉት የእኔን ቤት ያዩ ይመስላል። ሁለት ቦታ ላይ አስቆምኩት፣ ድገምልኝ አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ልጁ ነገሩን ሰምቷል። ደብቄው ነበር፣ ግን ጎረቤት መቼ ዝም ይላል። «እኔን ለምን አይጠይቁኝም?» አለኝ። ልብሱን እያጣጠፍኩ ነበር፣ ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ሕጉ ምን ይላል? ልጅ ፍርድ ቤት ይዤ ልሂድ? ማስረጃስ ስትሉ ምን ምን?


ወጣቱ ጠበቃ

እትዬ፣ ልጁ ሕጉን ሳያነብ አገኘው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ነው የጠየቀዎት። የራሱን አስተያየት መፍጠር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ነገር ሐሳቡን የመግለጽና በፍርድ ቤት የመሰማት መብት አለው፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይመዘናል። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ይበቃል። ይዘውት ድንገት አይሂዱ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ፍርድ ቤቱ ልጁን በቢሮ እንዲያነጋግርልኝ» ብለው ይጠይቁ። አባትየው ባለበት፣ ሰው በሞላበት ችሎት አይሁን። ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤትዎን አይታ ሪፖርት እንድታቀርብ ያዝልኝ ብለውም ይጨምሩ።

ደግሞ ለልጁ ምን እንደሚል አያስጠኑት። ዳኞች ያስጠኑትን ልጅ በሁለት ጥያቄ ይለዩታል።


ጡረተኛው ዳኛ

ማስረጃ ላልሽው፦ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ ካገኘሽ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ። በወላጅ ስም ፊርማሽ ያለበት የውጤት ካርድ። የእህትሽ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት። ሁለት ጎረቤት ምስክር፤ ወሬኛዋ ግን ትቅርብሽ። የኮንዶሚኒየሙ ኪራይ ካለ ገንዘቡ ለልጁ ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ነገር አዘጋጂ። የአባትየው ጠበቃ እዚያ ላይ ነው የሚመጣብሽ።

የጤና ጣቢያ የክትባት ካርዱን አለሽ? ማን ይዞት እንደሄደ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ካለሽ ኮፒውን ከጽሑፉ ጋር አያይዢ፣ ዋናውን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ግቢ። ለማመሳከር ሲጠይቁሽ ብቻ አውጪው፣ መዝገብ ውስጥ ትተሽው እንዳትወጪ።


የሽሮሜዳዋ

አለኝ። ጠርዙ ተበጣጥሷል እንጂ አለኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ያለችው ፊርማ የእህቴ ናት፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት የእኔ ናቸው።